ቡርተን በኤረር በር ገብቶ እንዴት በሕይወት ወጣ? ሰላይ በጠላት አገር የሚተርፍበት መላ

የጁገል ልጅ (ሐረር)

ሰላም ለዚህ መድረክ ታዳሚዎች። እንግዶችን እየመራሁ የሐረርን ግንብ መዞር የዕለት እንጀራዬ ነው። ባለፈው ሰኞ ኤረር በር ቆመን፣ ሪቻርድ ቡርተን በዚህ በኩል እንደገባ ስናገር ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አባት፣ «መግባቱንስ ገባ፤ እንዴት ወጣ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አላጣሁም፤ የሰጠሁት መልስ ግን እኔኑ አላጠገበኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ላወያያችሁ ወደድኩ።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ይህ ነው። ቡርተን በእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 ሙስሊም ተጓዥ መስሎ መካ ገብቶ ወጥቷል። በ1854 መጨረሻ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴ ልብስ ለብሶ ከዘይላ ወደ ሐረር ተነሣ። ሐረር በዚያ ዘመን ለአውሮፓውያን ዝግ ነበረች። ፈረንጅ እግሩን ያሳረፈባት ዕለት የከተማዋ ውድቀት ይጀምራል የሚል ትንቢት እንደነበረ ራሱ ጽፏል።

መንገድ ላይ አንድ ነገር አልሆንለት አለ። ዓረብኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ሰላት ይሰግዳል፣ ቁርኣን ይቀራል። መልኩ ግን ነጣ ያለ ስለሆነ ያየው ሁሉ «ቱርክ ነው» ይለው ጀመር። በዚያን ጊዜ በዚህ አገር ቱርክ መባል እንግሊዝ ከመባል የባሰ አደጋ ነበረው። ስለዚህ ሐረር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቁጭ ብሎ አሰበና ሽፋኑን ጣለው። ዓደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ለሐረር አሚር የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ፤ መልእክተኛ ነኝ ብሎም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 በግልጽ ገባ።

አሚር አሕመድ ኢብን አቡበከር የተቀበሉበትን ክፍል ሲገልጽ አንድ ነገር አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ሰውነቴን ይቀዘቅዘኛል። በኖራ የተለሰነው ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀሉት ዝገት የበላቸው ጠመንጃዎችና የእግር ብረቶች ነበሩ። ጠመንጃዎቹ ዝገዋል፤ የእግር ብረቶቹ ግን ተወልውለው ያበራሉ። የትኛው በየቀኑ ሥራ ላይ እንደሚውል ለገባ ሰው ሁሉ ይናገራል።

አሥር ቀን ቆየ። የተሰጠው ቤት የአሚሩ ነው፣ ምግቡም ከአሚሩ ቤት ይመጣል፤ አሚሩ ሳይፈቅድ ግን መውጣት የለም። ታዲያ ምን አወጣው? ብዙ ጊዜ ድፍረቱና ብልጠቱ ይነሣል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አባን ነው። የሶማሌን ምድር በቅፍለት የሚያቋርጥ እንግዳ ሁሉ አባን ይይዝ ነበር፤ አባን ማለት ዋስ፣ ጠባቂ፣ አስተርጓሚም ነው። እንግዳው ቢነካ የተነካው አባኑ ነው፤ የአባኑም ጎሣ ነው። የዘይላው ገዥ ሐጂ ሸርማርኬ ቡርተንን በእንግድነት ተቀብሎ፣ አባን ይዞለት ነው የላከው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ዋስ ወደ ሌላው ዋስ እየተላለፈ ሐረር ደረሰ። ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ሰው ሳል ነው። የአሚሩ ዋና ሹም ገራድ መሐመድ ሥር የሰደደ የደረት ሕመም ነበረበት። ቡርተን ዓደን እንደደረሰ መድኃኒት እልካለሁ ብሎ ቃል ገባለት። የዚህ እንግዳ በሰላም ዓደን መድረስ ከዚያ ወዲያ የገራዱም ጉዳይ ሆነ።

በጠላት አገር የሚሠራ ሰላይ በሕይወት የሚቆየው በምን ይመስላችኋል? ያነበባችሁትን፣ ከታላላቆቻችሁ የሰማችሁትን አካፍሉኝ።


ጡረተኛ የምድር ባቡር (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ልጄ የጁገል ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእግር ብረቱን ነገር አላውቀውም ነበር።

እኔ ዕድሜዬን በምድር ባቡር የፈጀሁ ሰው ነኝ። ፈረንሳይኛ የለመድኩት እዚያው ስለሆነ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ወደ ፈረንሳይ ስለላኳቸው ሰላዮች የተጻፈውን በፈረንሳይኛ ብዙ አንብቤያለሁ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ቋንቋውን አጥርቶ የሚናገረው ሰው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ትልቁ ሥራ ይጀመራል። የጥርስ ሐኪም አፉን ከፍቶ እንግሊዝ አገር የተሞላውን ጥርስ ያወጣና በፈረንሳዮች አሞላል እንደገና ይሞላዋል። ኮቱ በፈረንሳይ አሰፋፍ ይሰፋል፤ ቁልፎቹ የሚያያዙበት ክር ሳይቀር እንደ አገሩ ይሆናል። መንገድ ሲሻገር በየትኛው በኩል አስቀድሞ እንደሚያይ ይለማመዳል፤ እንግሊዝ አገር መኪና በግራ፣ ፈረንሳይ በቀኝ ነው የሚሄደው። አሜሪካኖችም ለሰዎቻቸው ሹካ አያያዝ ያስተምሩ ነበር። አሜሪካዊ ሥጋውን ከቆረጠ በኋላ ሹካውን ወደ ቀኝ እጁ ያዛውራል፤ አውሮፓዊ አያዛውርም።

ስለ አንዲት ሰላይ የሚነገር ደግሞ አለ። ካፌ ገብታ «ጥቁር ቡና» ብላ አዘዘች። በዚያ ሰሞን ወተት በራሽን ነበርና ያለው ቡና ሁሉ ጥቁር ነው። የአገሩ ሰው «ቡና» ብሎ ዝም ይላል። በአንዲት ትርፍ ቃል ከሌላ አገር እንደመጣች ታወቀባት።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የእኛው ጣቢያ ነው። የባቡሩ መርሐ ግብር የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት፣ ከተማው የሚኖረው በእኛ ሰዓት ነበር። መስኮቱ ጋ ተጠግቶ «የአሥራ አራት ሰዓቱ ባቡር» የሚለኝና «የስምንት ሰዓቱ» የሚለኝ ሰው ፊቱን ሳላይ ከየት እንደመጣ ይታወቀኝ ነበር። የድሬ ልጅ ሁለቱንም ያውቃል፤ ከኔ ጋር በአንዱ፣ ከእናቱ ጋር በሌላው ያወራል። ሳይታሰብ ከአፍ የሚወጣውን ነገር ማንም አሠልጣኝ በስድስት ወር አያስተካክለውም።

ዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 ስድስት አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች ቴህራን ውስጥ በካናዳውያን ቤት ተደብቀው ነበር። የሚያስወጧቸው ሰዎች የካናዳ ፊልም ሠሪዎች ናቸው የሚል ሽፋን አዘጋጁላቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እውነተኛ ቢሮ ተከፍቶ ስልክ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሐሰተኛው ቪዛ ላይ የተጻፈው ቀን በኢራን አቆጣጠር ስህተት ሆኖ ተገኘ። የእነርሱ አዲስ ዓመት በማርች እንደሚገባ ተዘንግቶ ነበር። ፋርስኛ የሚያነብ አንድ የካናዳ ኤምባሲ ሠራተኛ በጊዜ አይቶት ተስተካከለ እንጂ አየር ማረፊያው ላይ ያልቅላቸው ነበር። እኛ በራሳችን ዘመን የምንኖር ሰዎች ይህን ስህተት ከማንም በላይ እንረዳዋለን።


ተማሪ (ሐረማያ)

አባባ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰላዩ እየተከተሉት መሆኑን እንዴት ያውቃል? ካወቀስ በኋላ ምን ያደርጋል? ሮጦ ያመልጣል ወይስ ይደበቃል?


የታሪክ መምህር (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ተማሪ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሮጦ ያመለጠ ሰላይ ሰላይነቱን በራሱ ላይ መስክሯል። ነጋዴ ነኝ፣ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው ለምን ይሮጣል? አሜሪካኖችና እንግሊዞች በሶቪየት ዘመን ሞስኮ ውስጥ ሲሠሩ ያዳበሩት ልማድ «የሞስኮ ደንቦች» ይባላል። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው እንጂ እንደ ሕግ የተጻፈ አልነበረም። ዋናው ነገሩ ይህ ነው፦ ወደ ኋላ አትዙር፤ ብቻህን ነህ ብለህ በፍጹም አታስብ። ሰላዩ ከቤቱ ወጥቶ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ይዞራል። ሱቅ ይገባል፣ ዳቦ ይገዛል፣ አውቶቡስ ይቀይራል። እያንዳንዱ ማቆሚያ በቂ ምክንያት አለው። በእኛ በድሬዳዋ ብናስበው፣ በዚህ መካከል አንድ ፊት ከዚራ፣ ያው ፊት መጋላ፣ ያው ፊት ደግሞ ለገሃር ካየ ነገሩ አጋጣሚ አይደለም። ያን ጊዜ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ምንም አለማድረግ ነው። ቀጠሮውን ትቶ፣ የገዛውን ዳቦ ይዞ ቤቱ ይገባል። ተከታዮቹም «ዛሬ ዳቦ ገዛ» ብለው ይጽፋሉ። ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በዚህ ሥራ አይቆይም።

ኦሌግ ጎርዲየቭስኪን ውሰድ። የሶቪየት ስለላ ድርጅት መኮንን ሆኖ ለዓመታት በምስጢር ለእንግሊዝ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጥርጣሬ ወድቆበት ወደ ሞስኮ ተጠራ፤ መጠጥ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮ መረመሩት፤ ካደ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እየተከተሉት በሰላም እንደሚኖር ሰው ኖረ። ለጭንቅ ቀን አስቀድሞ የተስማሙበት ምልክት ነበር፦ በአንድ ጎዳና ላይ የታወቀ የገበያ ፌስታል ይዞ መቆም። ቸኮሌት እየበላ በአጠገቡ ያለፈ ሰው መልእክቱ እንደደረሰ ነገረው፤ ቃል አልተለዋወጡም። በጁላይ ወር በእንግሊዝ ዲፕሎማቶች መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ተኝቶ ወደ ፊንላንድ ተሻገረ። ድንበር ላይ የፍተሻ ውሾች ሲቀርቡ የአንዱ ዲፕሎማት ባለቤት ሕፃኗን በመኪናው ክዳን ላይ አስተኝታ ዳይፐር ቀየረችላት፤ ሽታው ውሾቹን አዘናጋ።

በተቃራኒው ኤሊ ኮኸን አለ። ለእስራኤል ደማስቆ ውስጥ ሲሠራ ከሶሪያ ባለሥልጣናት ጋር ማዕድ እስከመቁረስ ደርሶ ነበር። ለመያዙ ዘወትር የሚጠቀሰው ምክንያት ሬዲዮኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ፣ ለዚያውም በተመሳሳይ ሰዓት ያስተላልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1965 እያስተላለፈ ሳለ ያዙት፤ ሜይ 18 ቀን አደባባይ ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ ተማሪ፣ ልማድህን አታስለምድ። ሰዓትህን፣ መንገድህን፣ ቦታህን ቀያይር።


የአኮ የልጅ ልጅ (ሐረር)

መምህር፣ ያሉትን አከብራለሁ፤ የመጨረሻው ምክር ግን አልተዋጠልኝም። «ልማድህን ቀያይር» የሚለው ለፈረንጅ ዲፕሎማት ይሠራ ይሆናል። በየቀኑ በምታልፍበት በር ላይ ለቆመ ወታደር ሰዓቷን የምትቀያይር ሴት ግን ታጠራጥራለች።

አኮ (አያታችንን የምንጠራት እንዲህ ነው) በጣሊያን ዘመን ከከተማው ውጭ ከሐኪም ተራራ ሥር ትኖር ነበር። ገና ወጣት ናት። በየማለዳው ወተት ይዛ ሐረር ትገባለች፣ ሸጣ ትመለሳለች። በር ላይ አስካሪ (በጣሊያን ጦር የተቀጠረ አፍሪካዊ ወታደር) ቆሟል። ጮጮዋን (የወተት ዕቃዋን) ይቀበላታል፣ ክዳኑን ያነሣል፣ ወተቱን ያሸታል፣ አንዳንዴም እንጨት ከትቶ ወተቱን ያማስላል። ወረቀቱ የነበረው ክዳኑ ውስጥ ነው። የጮጮ ክዳን ከውስጥ በኩል በቆዳ ይሸፈናል፤ በቆዳውና በስፌቱ መካከል ታጥፎ ይገባል። አስካሪው ወተቱን ሲመረምር ክዳኑን በገዛ እጁ ይዞት ይቆማል። አኮ ይህን ስትነግረን ግራ መዳፏን ዘርግታ ክዳን እንደያዘ ሰው ታሳየን ነበር። አንድ ቀን ያን እጁን ገልብጦ አላየውም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ወረቀት የሚኖረው በወር አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ነበር። በቀሩት ቀናት ሁሉ አኮ ወተት የምትሸጥ ሴት ብቻ ናት። ዝናብ ቢዘንብ፣ ብትታመም፣ ሰዓቷን አታዛባም። አስካሪው ስሟን ያውቃል፣ ጥጃዋ መሞቷን ያውቃል፣ ስትዘገይ «ምነው ዛሬ?» ይላታል። አንድ ቀን ብትቀር ነበር የሚጠረጥራት። ስለዚህ መምህር፣ ልማድ ገዳይ ነው ብቻ አይበሉ፤ አኮን ያኖራት ልማዷ ነው። ሽፋኗ የተፈጠረ ታሪክ አልነበረም፤ የምትኖረው ኑሮ ነበር።

ማንበብ አትችልም ነበር። ወረቀቱን የምትሰጣት ዛሬ መኪና ግርግር በምንለው ሰፈር ያለች የአንድ ልብስ ሰፊ ሚስት ናት። አኮ የምታውቀው እርሷን ብቻ ነው። ከእርሷ በኋላ ለማን እንደሚደርስ አልጠየቀችም፤ ልብስ ሰፊው ራሱ ይወቅ አይወቅ እስክትሞት አላወቀችም። ብትያዝ የምትናገረው አንድ ስም ብቻ ነበራት።

በዚህ ውይይት እስካሁን የተነሡት አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። የውስጥ አርበኞቻችንስ? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃና ጥይት፣ መድኃኒትም ያቀብሉ ነበር። ተይዘው ብዙ ተሠቃዩ፤ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተጋዙ። ሲመለሱም ሥራቸውን አላቆሙም። ስለ ስለላ ሲወራ ስማቸው መጀመሪያ መነሣት ያለበት ይመስለኛል።


ሸዋ በር

እኔ ደግሞ ቅር የሚለኝ የቡርተን ነገር ነው። ሰው በእንግድነት ተቀብሎት፣ አብልቶት፣ ከዚያ ወጥቶ የከተማውን መግቢያና መውጫ ለመንግሥቱ የሚጽፍ ሰው ለምን ይደነቃል? አያቶቻችን በራቸውን መዝጋታቸው ትክክል ነበር።


የጁገል ልጅ (ሐረር)

ወንድሜ ሸዋ በር፣ ቅሬታህ ይገባኛል። እኔም ጀግና ነው ብዬ አላስጎበኝም። እርሱ ተመራማሪ ነኝ ይላል፤ ሰውዬው ግን የጦር መኮንን ነው፣ የጻፈውም ግንቡን፣ በሩን፣ የአሚሩን ኃይል ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በእኔ ቋንቋ ሰላይ ነው። የአሚሩ ጥርጣሬም ከንቱ አልነበረም። ሃያ ዓመት እንዳለፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ ግብፆች በራኡፍ ፓሻ መሪነት መጥተው ከተማዋን ያዙ፤ አሥር ዓመት ገዟት።

ደግሞ እዚህ የሠራለት ሁሉ ሌላ ቦታ አልሠራለትም። ከሐረር በወጣ በሦስት ወሩ፣ በኤፕሪል 1855፣ በርበራ ላይ ሰፈሩ በሌሊት ተጠቃ። አንዱ ጓደኛው ተገደለ፣ ስፒክ የተባለው ሌላው ጓደኛው ብዙ ቦታ ቆሰለ፣ ቡርተን ራሱ ጦር በአንድ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጣ። በሐረር ግድግዳ ሥር ያልነካው ብረት ባሕር ዳርቻ አገኘው።

የአኮ የልጅ ልጅ፣ እኔ አባን ያልኩትና አንቺ ያልሽው አንድ ሳይሆን አይቀርም። አስካሪው ሳያውቀው የአኮ ዋስ ሆኗል።


የታሪክ መምህር (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

እህቴ፣ ተምሬያለሁ። የተናገርኩትን ላርመው፦ የሚታየው ኑሮ አይናወጥ፣ የሚደበቀው ሥራ ግን ቀን አይኑረው። ኮኸን የሳተው ሁለተኛውን ነው።

«አንድ ስም ብቻ» ያልሽው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሪቻርድ ሶርጌ ቶኪዮ ውስጥ ለሶቪየት ሲሠራ ጃፓኖች ሬዲዮኑን ለዓመታት አድነው አላገኙትም። የተያዘው በሰው ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1941 ሚያጊ የተባለው አባሉ ተያዘ፤ ሚያጊ ሌሎቹን ያውቅ ስለነበር በቀናት ውስጥ ሶርጌ ጋ ደረሱ። እንግሊዞች ወደ ፈረንሳይ የላኳት የሬዲዮ ሠራተኛ ኑር ዒናያት ኻንም እንዲሁ ታሳዝነኛለች። እ.ኤ.አ. በ1943 ፓሪስ ውስጥ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲያዙ እርሷ ሬዲዮዋን ይዛ ከቤት ቤት እየተዛወረች ለወራት ቆየች። በጥቆማ ስትያዝ የላከቻቸው መልእክቶች ቅጂ በደብተር ተጽፎ አብሯት ተገኘ። ጀርመኖች በዚያ ደብተር ተመርተው በእርሷ ስም ወደ ለንደን መላላክ ጀመሩ፤ ሌሎች ሰላዮችም በዚያ ወጥመድ ገቡ። እርሷ ግን በምርመራ ምንም አልተናገረችም፤ በ1944 ዳኻው ውስጥ ተገደለች። አኮ ማንበብ አትችልም ነበር ያልሽው ትዝ ያለኝ ለዚህ ነው።

አንድ የራሳችንንም ልጨምር፤ መናገሩ ይከብደኛል። አብርሃ ደቦጭ በጣሊያኖች ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስገዶም ጋር ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወረው ከዚያ ሽፋን ሥር ወጥቶ ነው። አስቀድሞ ባለቤቱን ወደ ደብረ ሊባኖስ ወስዷት ነበር። ጣሊያኖች ያን ዱካ ይዘው በግንቦት ወር የገዳሙን መነኮሳትና ዲያቆናት በመቶዎች ፈጁ። የገዳሙ ደም ያለው በገዳዮቹ እጅ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ስለ ሰላይ መትረፍ ስንወያይ ያስጠጋውን ቤት ማን ያተርፈዋል የሚለውን አብሬ ሳላስብ ማለፍ አልችልም።


ጡረተኛ የምድር ባቡር (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መምህር፣ ይህን ስላነሡ አመሰግናለሁ። ነፍስ ይማር።


ተማሪ (ሐረማያ)

እትዬ የአኮ የልጅ ልጅ፣ አኮ አልፈራችም ነበር? ጣሊያን ከወጣ በኋላስ ለማን ተናገረች?


የአኮ የልጅ ልጅ (ሐረር)

ልጄ፣ ፈርታለች እንጂ። ወረቀት በያዘችበት ቀን አፏ ስለሚደርቅ በር ላይ ከመድረሷ በፊት ከራሷ ወተት ትጎነጭ ነበር። አስካሪው ሲያናግራት ድምፅዋ እንዳይሻክር ነው። ይህንንም በየቀኑ አደረገችው፤ ወረቀት በሌለበት ቀንም ትጎነጫለች። ከጊዜ በኋላ አስካሪው፣ «ለራስሽ ጠጥተሽ የቀረውን ነው የምትሸጪው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በማርች 1941 የእንግሊዝ ጦር ሐረር ሲገባ በማግስቱም ወተቷን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። የልብስ ሰፊው ሚስት ወተቱን ተቀብላ፣ ከልማድ የተነሣ ክዳኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ባዶውን መልሳ አመጣችው። ሁለቱም ስለ ወረቀቱ አላወሩም። አኮ ለእኛ የነገረችን ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ነው።


የጁገል ልጅ (ሐረር)

እህቴ፣ ያ ጮጮ አሁን አለ?


የአኮ የልጅ ልጅ (ሐረር)

ጮጮው ተሰብሯል። ክዳኑ እናቴ ቤት አለ፤ ቆዳው በአንድ በኩል ተተርትሯል። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ና፣ እናቴ ሆጃ አፍልታ ትጠብቅሃለች። እኚያን የአዲስ አበባ አባት አሁንም እዚሁ ካሉ ይዘሃቸው ና።